ኮሜዲ ሲኒማችንን አልገደለውም፦ ለአንድ ክስ የተሰጠ የተመልካች ምላሽ

ሰሞኑን ስለ አማርኛ ፊልሞች የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ሰው ለሰው ሲቀባበለው ቆይቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። የጸሐፊው ክስ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ሲኒማችንን የገደለው ኮሜዲ ነው። ማሳቅ ቀላል ስለሆነ ሰነፉ ሁሉ ወደዚያ ነጎደ። ቁም ነገር የሚነገረው በድራማ ነው፤ ማስረጃውም በዓለም መድረክ ያስጠሩን ፊልሞች አንድም ሳይቀር ድራማ መሆናቸው ነው። ሳቅና እንባን አንድ ላይ የሚያቀርብ ፊልም ደግሞ ራሱን ያላወቀ ፊልም ነው። ይህን ሁሉ ከዘረዘሩ በኋላ ዱላውን ወደ ተመልካቹ ያዞሩታል፦ እሁድ ከሰዓት ፋንዲሻውን ታቅፎ ገብቶ፣ ስቆ የሚወጣው፣ ስለ ሲኒማ ምንም የማያውቀው ሰው ነው ለዚህ ያበቃን ይላሉ። መፍትሔ ብለው ያቀረቡትም ሲኒማ ቤቶች ቢያንስ በበዓል ሰሞን ኮሜዲውን ትተው ቁም ነገር ያለው ድራማ እንዲያሳዩ ነው።

ያ ፋንዲሻ ታቃፊ እኔ ነኝ። ፊልም አልተማርኩም፤ ስለ ሌንስና ስለ መብራት ብጠየቅ አፌን ይዤ እቀራለሁ። ነገር ግን ለኮሜዲውም ለድራማውም ከኪሴ አውጥቼ ትኬት ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ነኝና መልስ የመስጠት መብት ያለኝ ይመስለኛል። በተራ በተራ እሄዳለሁ፤ አንዳንዱ ላይ ቆየት እላለሁ፣ አንዳንዱን ሁለት ቃል ተናግሬ አልፈዋለሁ።

«ኮሜዲ ገደለው» በሚለው ልጀምር። ጸሐፊው ነገሩን የሚተርኩት ድሮ ድራማ ወዳድ የሆነ ጨዋ ሕዝብ ነበረን፣ ኋላ ኮሜዲ መጣና አባለገው በሚል አኳኋን ነው። እርግጥ ነው፣ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ የአድማሱ ከበደ «የወንዶች ጉዳይ» ተወዳጅ ከሆነ በኋላ የፍቅር ኮሜዲው በረከተ። ፖስተሮቹን እስኪ አስታውሱ፤ ዓይኑን ያፈጠጠ ወንድ፣ ወገቧን የያዘች ሴት፣ ከኋላ አንዲት የተከራየች ነጭ መኪና። ይህን ማንም አይክድም። ግን ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ሰው ድራማ መቼ አላይም አለ? ቴዎድሮስ ተሾመ ስለ ኤች አይ ቪ «ቀዝቃዛ ወላፈን»ን፣ ስለ ቀይ ሽብር «ቀይ ስህተት»ን ሲሠራ ተመልካች አጥቶ አልተመለሰም። ኮሜዲው ገበያውን ሞልቶት ሳለ «ሶስት ማዕዘን» የስደተኛውን መከራ ይዞ ሲመጣም ትኬት የቆረጠለት ያው ሕዝብ ነው።

ፕሮዲውሰሩ ወደ ኮሜዲ ያጋደለበትን ምክንያት ለማወቅ ደግሞ የተመልካቹን ጠባይ መመርመር አያስፈልግም፤ ወጪውን ማየት ይበቃል። ለፍቅር ኮሜዲ ሁለት ቤት፣ አንድ ካፌና ያቺ ነጭ መኪና ካሉ ሥራ ይጀመራል። የ1969ን አዲስ አበባ ላሳይ ያለ ሰው ግን የዚያን ዘመን ልብስ፣ የዚያን ዘመን መኪና፣ ሳተላይት ዲሽ ያልተተከለበት ጣራ ያስፈልገዋል። ገንዘቡን በአብዛኛው የሚመልስለት ደግሞ ከሲኒማ ቤት ጋር ተካፍሎ የሚደርሰው የትኬት ሽያጭ ነው። በዚህ ሒሳብ መሐል ቆሞ ኮሜዲን መውቀስ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

ሁለተኛው ክስ ማሳቅ ቀላል ነው የሚለው ነው። እንዲህ የሚል ሰው ሰርግ ላይ ማይክ ተቀብሎ ቀልድ ሞክሮ አያውቅም ማለት ነው። ኮሜዲ ፍርዱን የሚሰማው እዚያው በዚያው ነው። ተዋናዩ ቃሉን ይጥላል፤ አዳራሹ ካልሳቀ አልሳቀም፣ መሸሸጊያ የለም። ድራማ ግን መሸሸጊያው ብዙ ነው። ተመልካች ዝም ሲል ልቡ ተነክቶ ይሁን፣ ሰልችቶት ይሁን ወይም እንቅልፍ ወስዶት፣ በዚያ ጨለማ ውስጥ ማን ያውቃል? ትወናው ሳሳ ሲል ዋሽንት ይገባል፤ ዋሽንቱ ካልበቃ ማሲንቆ ይጨመራል።

አንድ ጊዜ የገባሁበትን ድራማ፣ ስሙን ልተወውና፣ ላንሳ። እናትየዋ ሆስፒታል አልጋ ላይ ናት፤ ልትሞት ነው። ዋሽንቱ ገባ። ልጇን አስጠራች፣ ተሰናበተች። ልባችን ተነካ። ባሏን አስጠራች፣ ተሰናበተች። ዋሽንቱ ቀጠለ። እህቷን አስጠራች። ከዚያ ጎረቤቷን። ጎረቤትየዋ ተናግራ ስትጨርስ ከኋላ ወንበር አንድ ወፍራም ድምፅ፣ በፍጹም ትሕትና፣ «እናቴ፣ አሁንስ በቃዎት፣ ይረፉ» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ሰዉ ጨካኝ ሆኖ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ብትሰናበት ኖሮ ሁላችንም መሀረብ እናወጣ ነበር። ልኩን ያላወቀ ድራማ ሳይፈልግ ኮሜዲ ይሆናል። በጣም የሚገርመኝ ግን ያ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ነው፤ አንድ ሰከንድ ቢቀድም ነውር ይሆንበት ነበር፣ አንድ ሰከንድ ቢዘገይ ማንም አይሰማውም ነበር። ማሳቅ ማለት ያን ሰከንድ ማወቅ ነው።

ይህን ያወቁት ደግሞ በቀላሉ አላገኙትም። ቻርሊ ቻፕሊን በ1931 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው «ሲቲ ላይትስ» ውስጥ አንድ አጭር ትዕይንት አለች። አበባ ሻጯ ዓይነ ስውር ናት፤ መናጢ ድሃ የሆነውን ሰውዬ ባለጸጋ ነው ብላ ማሰብ አለባት። እንዴት? ፊልሙ ድምፅ አልባ ነው። ቻፕሊን ያችን ትዕይንት ከ300 ጊዜ በላይ ደጋግሞ ቀረጻት። በመጨረሻ ያገኘው መላ ይህ ነው፦ ሰውዬው መንገድ ሊሻገር ብሎ የቆመች የሀብታም መኪና ውስጥ በአንዱ በር ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ ልጅቷ የመኪናውን በር ሲዘጋ ትሰማለች፣ ቀና ብላም አበባዋን ትዘረጋለታለች። አለቀ። ሳቁም፣ በኋላ የሚመጣው ሐዘንም የተንጠለጠለው በዚያች በር ላይ ነው። ቀላል ነው የሚሉን እስኪ እንዲህ ያለች አንዲት በር ይፈልጉልን።

ሦስተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጸሐፊው ከሁሉም በላይ የሚተማመኑት በእርሱ ነው። ድራማ ያስተምራል፣ ኮሜዲ ጊዜ ያሳልፋል፤ ከባድ ጉዳይ በሳቅ አይያዝም ይላሉ።

የፊልም ተዋናያችንም ደራሲያችንም በአብዛኛው የመጣው ከቴአትር ቤት ነውና ከዚያ ልነሳ። በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ቴአትር ተመልካቹን አላስለቀሰም። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. አካባቢ ያሳዩት «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮመዲያ» ነበር። ራሺያ ተምረው የመጡት ተክለ ሐዋርያት አራዊቱን ሰው አስመስለው አናገሩና የዘመኑን ሹማምንት ብልሹነት በእነርሱ አፍ አወጡት። መኳንንቱም ተጋብዘው፣ ወንበር ተሰጥቷቸው፣ የራሳቸውን ነገር ቁጭ ብለው አዩ። ከዚያስ? በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ቴአትር ማሳየት ተከለከለ። ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማን ልከልክል ብሎ ይደክም ነበር? ደራሲውስ ማን ናቸው? የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ ጣሊያን ሊወረን ሲሰናዳ ጄኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ የተከራከሩት ሰው ናቸው። ኮሜዲን የቁም ነገር አልባ ሰዎች መንደር የሚያደርጉት ጸሐፊያችን እኚህን ሰው የት ሊያስቀምጧቸው ነው?

አሁን አንድ ጉዳይ ብቻ ይዘን ሁለቱን እናስተያይ፤ ጠለፋን። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ሴት በሕግ ካገባት ክሱ እንዲቀርለት ይፈቅድ ነበር። ይህ ሕግ በሚሠራበት በ1950ዎቹ መንግሥቱ ለማ «ጠልፎ በኪሴ»ን ጻፉ። የመድረክ ኮሜዲ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2014 (እ.ኤ.አ.)፣ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት»ን ይዞ መጣ፤ ጠላፊዋን ተኩሳ የገደለችው የ14 ዓመት ልጅና ጥብቅና የቆመችላት የሕግ ባለሙያ ታሪክ ነው፣ መነሻውም በ1980ዎቹ መጨረሻ በእውነት የሆነ ነው። ይህ ድራማ ነው፤ ስታዩት ትንፋሻችሁን ትይዛላችሁ። ሕጉ ደግሞ በመካከሉ፣ በ1997 ዓ.ም.፣ ተለውጧል፤ ዛሬ ጋብቻ ጠላፊን ከክስ አያድነውም።

ድራማው ለልጅቷ አስፈራኝ፤ ከእርሷ ጋር አስሮጠኝ። ያ ሥራ ትልቅ ነው፣ አንዲት ቃል አልቀንስበትም። ነገር ግን ጠለፋ የቆመው በጉልበት ብቻ አልነበረም፤ ጠላፊው በጎረምሶች መሐል ወንድ የሚባልበት ወግ ነበር። ሰው ከወግ የሚለየው ደግሞ ስለተቆጡት ብቻ ሳይሆን ስላፈረም ነው። ጠለፋን መድረክ ላይ አውጥቶ ክቱን የለበሰ ተመልካች እንዲስቅበት ማድረግ ያን ወግ ከሥሩ መነቅነቅ ነው። እስር ያልፈራ ጎረምሳ መሳቂያ መሆንን ይፈራል። ታዲያ ከሁለቱ ሥራዎች አንዱን «ቁም ነገር»፣ ሌላውን «ጊዜ ማሳለፊያ» ብሎ መለየት ምን የሚሉት ሚዛን ነው?

ከውጭም አንድ ልጨምር፤ ይህኛው ነገር እኛንም በጎን ይነካናል። ቻፕሊን «ታላቁ አምባገነን» የተባለውን ፊልሙን ኒው ዮርክ ላይ ያስመረቀው በጥቅምት 1940 (እ.ኤ.አ.) ነው። በእኛ 1933 ዓ.ም. ማለት ነው። ጣሊያን ገና አዲስ አበባ ተቀምጧል፣ አርበኞች ጫካ ናቸው። አሜሪካም ከሂትለር ጋር ገና ጦርነት አልገጠመችም። በዚያ ሰዓት አንድ አስቂኝ ሰው ሂትለርን ብቻ ሳይሆን ሙሶሊኒንም «ቤንዚኖ ናፓሎኒ»፣ የ«ባክቴሪያ» አገር ገዢ ብሎ ስም አውጥቶ ለዓለም መሳቂያ አደረገው። ትዕይንቱን ያላያችሁ ፈልጋችሁ እዩት። የሂትለሩ አምሳያ እንግዳውን ቁልቁል ሊያየው ስለፈለገ ዝቅ ያለች ወንበር ያስቀምጥለታል፤ ናፓሎኒ ዝቅ ባለችው ወንበር አልቀመጥም ብሎ ጠረጴዛው ላይ ይወጣበታል። ቆይተው ጎን ለጎን ጸጉር ቤት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። አንዱ ወንበሩን በዘዴ ከፍ ያደርጋል። ሌላው አየት አድርጎ የራሱን ከፍ ያደርጋል። ወሬያቸውን ሳያቋርጡ፣ ፊታቸው ሳይለወጥ፣ ወደ ጣራው ይወጣሉ። ሁለት አገር የሚያነዱ ሰዎች ማንነት በአንዲት የጸጉር ቤት ወንበር ተነገረ። በዚያው ዓመት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933፣ ንጉሡ አዲስ አበባ ገቡ፤ ቻፕሊን ነጻ አወጣን ማለቴ አይደለም፣ አርበኞቻችን ይቆጡኛል። ግን የወራሪያችንን ክብር እንዲህ አድርጎ የገፈፈ ድራማ ካለ ጸሐፊው ይጥቀሱልኝ።

ለሙግታቸው የሚበጃቸውን አንድ ነገር ደግሞ እኔው ልስጣቸው፤ በጽሑፋቸው ስላላነሱት። ቻፕሊን በ1964 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ፣ በናዚ ካምፖች የሚፈጸመውን ግፍ በሙሉ ያኔ አውቆት ቢሆን ኖሮ ያን ፊልም ሊሠራው እንደማይችል ጽፏል። ስለዚህ ሳቅ የማይደርስበት ቦታ አለ፤ እቀበላለሁ። ነገር ግን ያ ቦታ ድራማም እግሩ ተንቀጥቅጦ የሚገባበት ነው። ከዚያ ወዲህ ባለው ሰፊ ሜዳ ላይ ኮሜዲን ማን ይከለክለዋል?

አራተኛ፣ ሽልማት። ያስጠሩን ሁሉ ድራማዎች ናቸው መባሉ እውነት ነው። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2008 (እ.ኤ.አ.) ቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰትን ወሰደ፤ በዓመቱ ዋጋዱጉ ላይ ፌስፓኮ የተባለውን የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ታላቅ ሽልማት፣ ወርቃማውን ፈረስ፣ ደገመ። «ድፍረት» በ2014 በአሜሪካው የሰንዳንስ ፌስቲቫል ላይ ተሸለመ። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2015 ካን ደረሰ። ሁሉም ይገባቸዋል።

ግን ጸሐፊው አንድ ነገር ሳያዩ አልፈዋል። «ድፍረት» ሰንዳንስ ላይ ያገኘው የተመልካች ምርጫ የሚባለውን ሽልማት ነው። በርሊንም እንዲሁ የተመልካች ሽልማት ነው ያገኘው። ማለትም ለጸሐፊው ማስረጃ የሆነላቸውን ዋንጫ የሰጠው ሊቃውንት ጉባኤ አይደለም፤ ትኬቱን ቆርጦ የገባ፣ ስለ ሌንስ ብትጠይቁት አፉን የሚይዝ፣ የእኔው ቢጤ ነው። በመጨረሻው አንቀጽ የሚሰድቡትን ሰው በአራተኛው አንቀጽ ምስክር አድርገው አቁመውታል።

ደግሞም ሽልማት ኮሜዲን የሚሸሸው እኛ ዘንድ ብቻ አይደለም። ቻፕሊን እንኳ በትወናም ሆነ በዝግጅት ኦስካር አላገኘም፤ የክብር ሽልማቶቹን ትተን ተወዳድሮ ያሸነፈው በፊልም ሙዚቃ ነው። አልፎ አልፎ ሲሆንላቸው ግን ይሆናል፤ «ኢት ሃፕንድ ዋን ናይት» የተባለው የ1934ቱ የፍቅር ኮሜዲ የምርጥ ፊልም፣ የዝግጅት፣ የድርሰት፣ የወንድና የሴት መሪ ተዋናይ የሚባሉትን አምስቱንም ኦስካሮች ጠራርጎ ወስዷል። እስከ ዛሬ ይህን ያደረጉት ሦስት ፊልሞች ብቻ ናቸው፣ የመጀመሪያውም እርሱ ነው። የአፍሪካ ፊልም የሚመርጡ የውጭ ፌስቲቫሎች ደግሞ ከእኛ የሚጠብቁት ድርቅ፣ ጦርነትና ስደት ነው ብዬ የማማ ሰው ነኝ፤ የእኔ ሐሜት ነው፣ ማስረጃ አምጣ ባትሉኝ ደስ ይለኛል። ቢሆንም «ላምብ»ን ያየ ሰው አንድ ነገር ልብ ሳይል አይቀርም። ትንሹ ኤፍሬም እናቱ ሞታበት፣ ጩኒ ከምትባል በጉ ጋር ዘመድ ቤት ተጥሎ፣ ጥሩ አድርጎ የሚያውቀው ሥራ ወጥ መሥራት ነው። ወንድ ልጅ ማጀት ገባ ብሎ አጎቱ ሲንገበገብ ፈገግ ያላለ ሰው አለ? ካን የሄደው ድራማችንም ሳቅ ይዞ ነው የሄደው።

ይህ ወደ አምስተኛው ያሻግረኛል፤ ሳቅና እንባ አይቀላቀሉም ወደሚለው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ለቅሶ ቤት ደርሰው አያውቁም እንዴ ብያለሁ። ሁለተኛው ወይ ሦስተኛው ቀን ማታ፣ ትልልቆቹ ጋደም ሲሉ፣ ድንኳኑ ውስጥ የሚያመሹት ካርታ ይዘው ይቀመጣሉ። ንፍሮው ዞሯል፣ ቡናው ተደግሟል። አንዱ ካርታውን እያየ የሟችን ነገር ያነሳል፦ ጋሼ እኮ የዕድሩ ሰብሳቢ ሳሉ፣ ከስብሰባ የቀረ ሁሉ ይቀጣ ብለው ራሳቸው አስወሰኑ፤ በወሩ ራሳቸው ረስተው ቀሩ፤ ከዚያ ቅጣቱ ለሰብሳቢ አይሠራም ብለው ሦስት ወር ሙሉ ተከራከሩ። ድንኳኑ ይስቃል። ውስጥ ፍራሽ ላይ የተቀመጡት ባለቤታቸው ሳቁን ይሰማሉ፤ «አይ የእርሱ ነገር!» ብለው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እሳቸውም ይስቃሉ፣ ነጠላው ሳይወርድ ደግሞ ያለቅሳሉ። ከዚያ ቤት ውስጥ ማንም ተነሥቶ፣ እትዬ፣ ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ አላለም።

ፊልም ሠሪውም እንዲህ ቢያደርግ ምን ይለዋል? የኮሪያው «ፓራሳይት» በ2019 (እ.ኤ.አ.) ካን ላይ አንደኛ ወጥቶ በዓመቱ ደግሞ የኦስካርን ምርጥ ፊልም ሲወስድ፣ ግማሹን ጊዜ ጥርስ አያስከድንም። ሥራ ያጡት ቤተሰቦች የፒዛ ካርቶን ሲያጥፉ፣ በውሸት ወረቀት ሀብታም ቤት ሲቀጠሩ እየሳቅን እንለምዳቸዋለን። ዝናቡ ሲወርድና ጎርፍ ምድር ቤታቸውን ሲሞላው የምንደነግጠው ስለለመድናቸው ነው። በነገራችን ላይ፣ የኮሜዲ ቀልድ ድንበር አይሻገርም ያሉትንም ይኸው ፊልም ይመልስላቸዋል፤ ሌላ አልጨምርበትም።

በአንድ ነገር ግን ከጸሐፊው ጋር ነኝ፤ እንዲያውም እሳቸው ካሉት በላይ እናደዳለሁ። ብዙው የአማርኛ ኮሜዲ የሚስቀው በማን ነው? ከገጠር በመጣችው የቤት ሠራተኛ። አነጋገሯ ያስቃል፣ ሊፍት ስትፈራ ያስቃል፣ ቁልፍ የሞላውን ሪሞት በአውራ ጣቷ ስትነካካ ያስቃል። ቀጥሎ ዘበኛው፤ ቀጥሎ ወፍራሟ ሴት። ቀልዱ እንዳያመልጠንም ከበስተኋላ «ቦይንግ» የምትል ድምፅ ትጨመርበታለች፤ እዚህ ጋ ሳቁ ማለት ነው። እኔ እዚያ ቦታ ላይ ሳቅ አይመጣልኝም። ሲኒማ ቤቱ ውስጥ ልጅ ለመጠበቅ አብራ የመጣች ሠራተኛ እንዳለች አያለሁና ዓይኔን የማሳርፍበት አጣለሁ።

ነገር ግን ይህ የኮሜዲ ባሕርይ ነው? ከ60 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄዳችሁ የመንግሥቱ ለማን «ያላቻ ጋብቻ» ተመልከቱ። እዚያም የቤት ሠራተኛ አለች። ከትልቅ ቤት የተወለደ፣ የተማረ ወጣት ሊያገባት ይነሣል፤ ሳቁ የሚመጣው በዘር በማዕረጉ ከሚደነግጠው ወገን ነው። ያቺው ሥራ፣ ያቺው ሴት፣ ሳቁ ግን ወደ ላይ ይተኮሳል። ዛሬ ወደ ታች መተኮስ የለመደው ደራሲው ነው እንጂ ኮሜዲው አይደለም። ደግሞ ድራማዎቻችን ከዚህ ይሻላሉ እንዴ? እዚያ ያቺው ሠራተኛ የምትገባው በጌታዋ ልትደፈርና ጥግ ይዛ ልታለቅስ ነው። ምን እንደምትወድ፣ ደመወዟን ለማን እንደምትልክ፣ ማታ ማን ጋ እንደምትደውል አንድም ቀን አይነገረንም። በአንደኛው መሳቂያ፣ በሌላው ማስለቀሻ፤ በሁለቱም ሰው አይደለችም። ጸሐፊው ክሳቸውን እዚህ ላይ ቢያቆሙት ኖሮ እኔም ፊርማዬን አኖርበት ነበር።

የቀረው ተመልካች አያውቅም የሚለው ስድብ ነው። ብዙ አልከራከርበትም። አናውቅም፤ አዳራሽ ውስጥ ግን ስልካችንን መቼ ማውጣት እንደምንጀምር እናውቃለን። ሲኒማ ቤት በር ላይ የሚቆም አስተናጋጅ ይህን ከማንኛውም ሃያሲ በላይ ይነግራችኋል፤ መጥፎ ኮሜዲም ሆነ መጥፎ ድራማ ሳያልቅ የሚወጣው ሰው ፊቱ አንድ ዓይነት ነው።

ሲኒማ ቤቶች በበዓል ኮሜዲ ይተዉ የሚለው ሐሳብ ግን አሳስቆኛል፤ በጽሑፋቸው ውስጥ ያገኘሁት ብቸኛው ኮሜዲ እርሱ ነው። ፋሲካን እናስብ። ሰውዬው 55 ቀን ጾሟል። ስቅለት ዕለት ሲሰግድ ውሎ ጉልበቱ ዝሏል። ቅዳሜን ሌሊት ቆሞ አስቀድሷል፤ ዶሮውን ቀምሶ፣ እንቅልፉን ደቀስ ብሎ፣ ሚስቱንና ልጆቹን አስከትሎ ከሰዓት ሲወጣ የሁለት ሰዓት የሆስፒታል አልጋና ዋሽንት ይጠብቀው? ሕማማቱን እኮ ጨርሶ ነው የመጣው። ድራማውን ለዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ያቆዩልኝ፤ ያኔ ትኬቱን እቆርጣለሁ።